ምዝገባው ይራዘማል

ዲላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ማዕረጉ አያታልላችሁ፤ ሥራዬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የወደቁትን ለምኜ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ማስገባት ነው። የሚወድቀው ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ወላጅ ቴክኒክ ሲባል ፊቱን ያጠቁራል፤ ልጁም ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

አንዲት ልጅ ግን ሳልለምናት መጣች። ከከተማው ወጣ ካለችው ከጪጩ በእግሯ የምትመላለስ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ድምፅ ማጉያ ፈትታ የምትጠግን ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ኤሌክትሪክ ይሁንልኝ» አለችኝ። አባቷ ዘንድሮ ካልገባች ሐዋሳ አክስቷ ቤት ሕፃን ልትጠብቅ እንደምትሄድ ቁርጡን ነግረዋታል። ደስ ብሎኝ ፎርሙን ራሴ ሞላሁላት። የቀራት ኮሌጁ ቀርባ መመዝገብ ብቻ ነበር።

ምዝገባው የወጣው ቡና በቀላበት ሰሞን ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ይበላሻል፤ ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ለቃሚዎቹ እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። «ቲቸር፣ አሁን ልምጣ ወይስ ለቀማው ይለፍ?» ብላ ደወለች።

«ለቀማሽን ጨርሺ፤ ምዝገባው መራዘሙ አይቀርም» አልኳት።

ይህን ያልኳት ከኪሴ አውጥቼ አልነበረም። እዚህ አገር በቡና ሰሞን ምዝገባ ይራዘማል፤ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የመጨረሻ ቀን ከቁም ነገር የሚቆጥረው እንግዳ ሰው ብቻ ነው። ያን ዓመት አልተራዘመም። ስሰማ በባጃጅ እየበረርኩ ሬጅስትራር ሄድኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ሞልቷል። መጥቶ መመዝገቡ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነበር እኮ! ልደውልላት ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ፈራሁ።

ለቀማው ሲያልቅ ከአባቷ ጋር ቢሮዬ መጡ። አባቷ የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው፣ አቮካዶ በፌስታል ይዘውልኛል። «ቦታው ሞልቷል» አልኩ። እንዴት ሞላ ብለው አልጠየቁኝም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ነጥቡ አልበቃም ማለት ነው። መምህር፣ እርስዎ ብዙ ለፍተዋል፤ ልጅቷ ናት ያላጠናችው። እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። በስልክ ያልኳትን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። አንድ ቃል ብትተነፍስ እመሰክርላት ነበር፤ እንዲህ እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን አታልላለሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፋች፤ መምህር አይከሰስም ተብላ ነው ያደገችው። እኔም አቮካዶውን ተቀበልኩ።

በማግስቱ፣ ሰነፍ ተብላ፣ ሐዋሳ ሄደች።