የዚያ ኅዳር ውርጭ

ባለፈው እሑድ ማቀዝቀዣው ውስጥ የረሳሁትን ጎመን ሳወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ጎመኑን ጥዬ ወንበር ፈለግኩ። ልጆቼ ስኳር ወረደባት ብለው ተሯሯጡ። እኔ ግን ሽታውን ከየት እንደማውቀው ገብቶኝ ነበር። ውርጭ የመታው ድንች ልክ እንደዚያ ነው የሚሸተው።

ከላሊበላ በታች ባለችው መንደራችን ከአባቴ ጋር ለሁለት ነበር የምንኖረው፤ እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች። ዘመኑ የደርግ ነው። የዚያን ዓመት ዝናቡ በጊዜ አቋርጦ ገብሱ ሳያፈራ ቀረ። የተረፈን ከምንጩ ሥር ውሃ እየመራን ያበቀልነው አንድ እርከን ድንች ብቻ ነበር። ለገና ከደረሰ እስከ ከርሞ ዝናብ ያዘልቀናል። ካልደረሰ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ወደ መንገዱ ብቅ ማለት ይበቃ ነበር፤ አገሩን ለቅቆ የሚሄደው ሰው በየቀኑ ያልፋል።

አባቴ ሲመሽ ሰማዩን ሳያይ ቤት አይገባም። «እህል የዘራ ሰው ሰማይ የሚያየው በክረምት ነው፤ ጓሮ የያዘ ግን አንድ ማታ ከዘነጋ አለቀለት» ይለኝ ነበር። ነፋሱ ማረፉን ያዳምጣል፤ የእርከኑን ድንጋይ በመዳፉ ዳብሶ የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ወይም እንደለቀቀ ያያል። ውርጭ ይወርዳል ብሎ በጠረጠረበት ማታ እርጥብ ጭድና ኩበት በአትክልቱ ዳር ከምሮ ይለኩሳል። ጭሱ ቅጠሉ ላይ ተኝቶ ያድርና ድንቹ ደህና ሆኖ ይነጋል። እኔ ታዲያ ልብሴ ጭስ ጭስ እየሸተተ ወደ ማስተማሬ መሄዱን አፍርበት ነበር።

አዎ፣ አስተማሪ ነበርኩ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁና፣ ለመሠረተ ትምህርት መረጡኝ። ምን ልበልህ፣ ጠመኔ ስይዝ መሬት አትበቃኝም። እንዲያውም በዚያው ሰሞን በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ሰማይ እያዩ መተንበይ ኋላ ቀርነት ነው ብዬ አስጨበጨብኩ። አባቴም ከኋላ ተቀምጦ አብሮ አጨበጨበልኝ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከመሸ በኋላ ከቤት ውጭ እሳት ማንደድ ተከለከለ። ለወንበዴ ምልክት ነው ተባለ። እሳት የግድ የሆነበት ሰው የማኅበሩን ሊቀመንበር ማስፈቀድ ነበረበት።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ከወትሮው ይልቅ ሞቃ ዋለች። አመሻሽ ላይ አባቴ መዳፉን ከድንጋዩ ሳያነሣ ጠራኝ።

«ዛሬ ይወርዳል» አለኝ።

«እንዲህ ሞቆ ውሎ?»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ። ደመና የለ፣ ነፋሱም ጸጥ አለ። እስኪ የኔ ዓለም፣ ሊቀመንበሩ አንቺን ይሰማሻል፤ ሂጂና አስፈቅጂልኝ።»

ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አጥር ጋ ስደርስ ከውስጥ የብዙ ሰው ሳቅ ይሰማል። ያስጨበጨብኳቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ ፊት ቆሜ «አባቴ ሰማይ አይቶ ውርጭ ይመጣል ይላል» ማለት ሞት መሰለኝ። ጠይቄ የምመለስበትን ያህል ጊዜ አጥሩን ተደግፌ ቆየሁና ወደ ቤት ተመለስኩ።

«አይቻልም ብለዋል» አልኩት።

አባቴ ያለንን ሁለት ጆንያና ጋቢውን አምጥቶ ድንቹ ላይ አለበሰ። እሱ ያለ ጋቢ አደረ።

ሲነጋ ጋቢውና ጆንያዎቹ ከሸፈኗት ጥቂት ቦታ በቀር እርከኑ በሙሉ ጠቁሮ ተኝቷል። ፀሐይ ስታርፍበት ሽታው ተነሣ። ከጅረቱ ማዶ ያለው የቄሱ ጓሮ ግን አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩን ገና ይጨሳል። ቄሱ አስፈቅደው ኖሯል።

አባቴ ያንን ጭስ ሲያይ ዱላውን አንሥቶ ወረደ። ተከተልኩት። ሊቀመንበሩ ከሰዎች ጋር ቆሞ ነበር።

«ለእሳቸው ፈቅደህ እኔን ስለምን ከለከልከኝ? ልጄንስ ስለምን ከደጅህ መለስካት?» አለው።

«የምን ልጅ? ማንም አልመጣብኝም።»

«ልጄ አትዋሽም! ውሸታሙ አንተ ነህ!» አባቴ በሰው ፊት ሲጮህ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። ሰዉም ዞረ። ይኸው አርጅቻለሁ፤ እዚያች ቦታ ላይ በሐሳቤ ስንቴ ቆሜ እውነቱን ተናግሬያለሁ መሰለህ። ያኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ሊቀመንበሩ ነገሩ ገባው፤ ሆኖም አላጋለጠኝም። ለእኔ አዝኖ እንዳይመስልህ፤ እውነቱ ቢወጣ አባቴ ይቅርታ ጠይቆት ነገሩ ያልቃል፤ ዝም ካለ ግን በአደባባይ የሰደበውን ሰው መቅጫ አገኘ።

ሊቀመንበሩ ወደ ቆላ የሚወሰዱትን የሰፈራ ስም ዝርዝር ሲያወጣ አባቴ ከፊተኞቹ አንዱ ሆነ። የሚበላው የሌለው ይሂድ ነው ትእዛዙ፤ እኛም የሚበላ አልነበረንም፤ ምን ብለው ይከራከሩታል። እኔን ለማስተማር ትፈለጋለች ብለው አስቀሩኝ። በሄደበት ቆላ ወባ እንደገደለው የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው።

የሚሄድ ዕለት ከጭነት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። አላለቀሰም። «ለእኔ ብለሽ ደጅ ጠንተሽ አፍረሽ ተመለስሽ፤ እሱ ነው የቆጨኝ» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ብነግረው የያዘውን አንድ ነገር የምነጥቀው መሰለኝና ተውኩት። ወይም ፈርቼ ነው፤ ፈርቼ ነው።

«አደራ፣ ያን ውሸታም ሰላም እንዳትዪው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

መኪናው ሲነሣ ሊቀመንበሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «አይዞሽ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። አባቴ ከላይ ሆኖ እያየን ነበር። ጨበጥኩት።