ባሕር የበላው ከተማ እንደራሴዎች

ስደት አገር ልጅ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ሲመሽ እናቴ ከምንኖርበት ከከተማው ዳር፣ ከቱክዊላ፣ በባስ ይዛኝ ኦቴሎ ሰፈር ጋሽ በላቸው ቤት ትሄድ ነበር። ጋሽ በላቸው አገር ቤት የታሪክ መምህር ስለነበሩ የጅብና የጦጣ ተረት ይንቃሉ። አንድ ምሽት ነፋሱ መብራት አጥፍቶ፣ በሻማ ጭላንጭል ተቀምጠን፣ ዳንዊች ስለምትባል የእንግሊዝ ከተማ አወሩልን።

ድሮ ትልቅ ወደብ ነበረች አሉ። ባሕሩ እየገፋ መጥቶ ቤቱን በላ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን አንድ በአንድ ዋጠ፤ የሙታን አጥንት ሳይቀር ከገደሉ ላይ አፍጥጦ ይታይ ነበር። መጨረሻ ላይ ጥቂት ቤት ብቻ ቀረ።

«ታዲያ ይቺ ከተማ ፓርላማ ስንት እንደራሴ ትልክ ነበር? እንደ ድሮዋ ሁለት! ሰው የሞላባት ማንቸስተር ግን አንድም አልነበራትም!»

«ኖ ዌይ!» አልኩ ክው ብዬ። «ሰዉ ዝም አለ?»

«ደንብ ነዋ! ወንበር የያዘ ሰው መች በጄ ይላል? ግፍ እኮ ነው!» አሉና እንባቸው መጣ።

ያኔ እናቴ ድንገት፣ «ጋሼ፣ በእድራችን የኦቴሎ ተወካይ እርስዎ አይደሉ? የከተማው ባቡር እዚህ ሰፈር ከገባ ወዲህ ኪራዩ ንሮ ሁላችንንም ቱክዊላ ጣለን። እዚህ ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረ? እኛ ደግሞ ተወካይ የለንም» አለቻቸው።

እናቴ እሑድ ሥራ ስለምትገባ ከስብሰባ ትቀር ነበር፤ ከስብሰባ መቅረት ያበዛ ደግሞ ከእድሩ ይሰረዛል። «ነገ ስሜ ይነሳል፤ የሚናገርልኝ የለም። ብሞት ማን ይቀብረኛል፣ ጋሼ?»

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እያለሁ!» አሉ።

ስንመለስ እናቴ ባስ ውስጥ ስታንጎራጉር ትዝ ይለኛል። እንደዚያ የተንገበገበ ሰው እንዴት ይጨክንብናል?

በማግስቱ ጎረቤታችን ከስብሰባው ኮል አደረገች። እናቴ ተሰርዛለች። ቱክዊላ ተወካይ ይኑረው የሚለው ሐሳብም በአንድ ድምፅ ብልጫ ወድቋል።

«በማን ድምፅ?» አለች እናቴ።

«በጋሽ በላቸው። ደንብ ደንብ ነው ብለው።»

እናቴ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኛለሁ። ብዙ ጊዜ፣ ያን ምሽት ሽማግሌው አስመሰሉብን ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬ ነበር፤ ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር። ግን አጠገባቸው ነበርኩ፣ ፊታቸውን አይቻለሁ፤ እንባቸው የእውነት ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው።