ሰባት ፈረሰኞችና አንድ ፎቶ በዘንገና

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ደብረ ማርቆስ

ካሚዮኑ ጡሩምባውን ሲነፋ እኔ ገና አንድ ጫማ ነው ያጠለቅሁት። ሌላውን በእጄ ይዤ፣ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሮጥኩ። ሾፌሩ ሳቀብኝ።

«ወዴት ነው እንዲህ መጣደፍ?»

«የዘንገናን ሐይቅ ፎቶ ላነሣ።»

«ለውሃ? ውሃው እንደሆነ የትም አይሄድ!»

ውሃው አይሄድም፤ የሚሄደው ብርሃኑ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በዛፎቹ መሐል ሰንጥቃ ሐይቁ ላይ ስትወድቅ ጫካው ድቅድቅ ጥቁር፣ ውሃው ብር ይሆናል። ነፋስ እስኪነሣ ድረስ ብቻ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም አበላሽቻለሁ፤ ዛፉ እንዲታይ ብርሃን ስጨምር ውሃው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቴ ፎቶውን አይታ «ይህን ሁሉ መንገድ ሄደህ ሊጥ አንሥተህ መጣህ?» ብላኛለች። ዘንድሮ እልህ ይዞኛል።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ኮሶበር

ጣሊያን የሠራው መንገድ አቧራ እያጎረሰ አደረሰን። ብርዱ ግን ደስ ይላል! ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ በስሙኒ እስኪያንገሸግሸኝ በላሁ። ሆዴ ሲሞላ እጄ ተፈታ፤ የድንች ነጋዴዋን፣ የማር ጋኑን፣ በቅሎውን፣ የበቅሎውን ባለቤት አነሣሁ። ፊልሙ ሊያልቅ አንድ ፎቶ ሲቀረው ሌላ ለማውጣት ቦርሳዬን ብከፍት፣ የለም! ማርቆስ፣ አልጋ ቤቱ ትራስ ሥር ቀርቷል። ወይ ጉድ! ለእኔ ካሜራ የሚሆን ፊልም የሚሸጠው አዲስ አበባ ብቻ ነው። እንግዲህ ዘንገና የቀረላት አንዲት ፎቶ ናት።

አምናም ያሳደሩኝ ገበሬ፣ አያ ተገኘ፣ ደጅ ወጥተው ተቀበሉኝ። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሳቸው ጋር በአዊኛ ነው የሚያወጉት።

«ነገ ማንን ነው የምታነሣው?»

«ውሃውን።»

«ውሃውንና ማንን?»

«ውሃውን ብቻ፣ አያ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ፈረሳቸው ሄዱ። እሺ ማለታቸው መሰለኝ፤ ሞኝነቴ!

ቅዳሜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ዘንገና

ጫካውን ወርጄ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። ውሃው አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስበትም። ማዶ፣ ዛፎቹ ራሳቸውን ዘቅዝቀው ተኝተውበታል። ፀሐይዋ ከአፋፉ ብቅ ልትል ነው።

ድንገት ጫካው በኮቴ ተናወጠ። አያ ተገኘ ከፊት፣ ስድስት ጎረቤቶቻቸው ከኋላ፣ ፈረሶቻቸውን ለጥር ጊዮርጊስ የፈረስ በዓል እንደሚሸልሙት ሸልመው፣ ውሃው ገባ ካለበት ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ብቅ አሉ! ሰላምታም ሳንለዋወጥ ፈረሶቹ ዘለው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ይጠጣሉ፣ ያንቦጫርቃሉ። ያ ሁሉ መስታወት ድራሹ ጠፋ።

«አያ ተገኘ! ምን አደረጉኝ!» ብዬ ጮህኩ። በሽማግሌ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን አደረግሁህ? እንግዳ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ባዶ ውሃ አንሥቶ ሄደ ይባል? አገሩ ሰው የለውም እንዴ ብለው ይሳቁብን?»

ውሃው ካልረጋ ሁላችንም ባዶ እጃችንን እንደምንቀር ነገርኳቸው። በአዊኛ አንድ ነገር ቢያዙ ሰባቱም ወጥተው ከዛፎቹ ሥር ተሰለፉ። ልጓም ላላ፤ ሰውም ፈረስም ዝም። ውሃው ቀስ በቀስ ተኛ። ያኔ ፀሐይዋ ከጀርባቸው ሰነጠቀችና ብሩ ፈሰሰ!

የብርሃን መለኪያዬን አየሁ። ለፊታቸው ብል ውሃው ሊጥ ይሆናል። ለብርሃኑ ብል እነሱ ከሰል ይሆናሉ። ሰባቱም ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ጢማቸውን አበጥረው ያዩኛል። ለብርሃኑ አልኩና፣ ፊታቸው እንደሚጠቁር ሳልነግራቸው ቁልፉን ተጫንኩት።

«ወጣን?» አሉ አያ ተገኘ።

«ወጣችሁ» አልኩ። ፊታቸውን ግን ማየት አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ዳንግላ

አያ ተገኘ ፎቶውን ሳላየው አልመለስም ብለው እስከ ፎቶ ቤቱ አብረውኝ መጡ። ከመናኸሪያው በጋሪ ስንሄድ ባለጋሪውን «ይህን ፈረስ ገብስ የሚሉት ነገር አቅምሰኸው ታውቃለህ?» እያሉ ሲያስጨንቁት፣ እኔ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አስባለሁ።

ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ጨለማ ክፍሉን ለቀቀልኝ። ፊልሙ ታጥቦ ወረቀቱ የማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሲጠቁር ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ውሃው ብር፣ ጫካው ጥቁር፣ ሰባቱ ፈረሰኞች አንድም ፊት ሳይኖራቸው ቆመውበታል፤ ከሥራቸውም፣ ውሃው ውስጥ፣ ሌላ ሰባት። ሳይደርቅ ይዤው ወጣሁ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ፊታችሁ አልወጣም።»

አልሰሙኝም። ጣታቸው ጥላዎቹ ላይ መሄድ ጀምሯል። «ይህ አለሙ ነው፤ ፈረሱ ሁልጊዜ ቀኝ እግሩን ያሳርፋል። ይህ የጌታሁን ነው፤ አንገቱን ሰበር የሚያደርገው። ይህቺ የፈንታ ባዝራ ናት፣ ጆሮዋን አየህ?» እያሉ ስድስቱን አንድ በአንድ ጠሩልኝ። «ፊት ምን ያደርጋል?» አሉ።

ሰባተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ።

«ይህን አላወቅሁትም። እንዴት ያለ ፈረስ ነው! ሰውየውም ቀጥ ብሎ ተቀምጦበታል። የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ አያ ተገኘ።»

ስንት ዘመን ጀርባው ላይ ኖረው፣ ፈረሱን ከነራሳቸው ከሩቅ አይተውት አያውቁም። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ውሃው በጣታቸው መሐል ይንጠባጠባል።

«እኛ» አሉ፣ «እንዲህ ነን?»