መርከብ እያለው

አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አንድ የገበያ ቀን ከሲሬ ስንዴ ጭነው ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አላቸው። ከፊታቸው መንገዱን የሞላ ገበያተኛ፣ በግራ በኩል ብቻዋን ዳር ዳሩን የምትሄድ ሴት። መሪውን ወደ እሷ ጠመዘዙ። ሰዉ «ስንቱን አተረፉ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም።

በእኛ አገር ደም የሚደርቀው በሽማግሌ ነው። አጎቴ ሲሬ ወዳለው ወደ ሟቿ ባል ሽማግሌ ላኩ፤ ሰውየው በሩን ሳይከፍት መለሳቸው። ደግመው ላኩ፤ አሁንም መለሳቸው። ከዚያ «በሐዘኑ ላይ አላስቸግረውም» ብለው ተዉት። ተዉት ይባል እንጂ እህል አልዋጥ አላቸው፣ ከሰው ሸሹ። የሚፈልጉት ያ ሰው «ይቅር ብያለሁ» እንዲላቸው ብቻ ነበር።

እኔ እዚሁ አሰላ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ልብ ወለድም እሞክራለሁ። አይ የእኔ ነገር፣ በዚያ ላጽናናቸው አሰብኩ። የጠፈር መርከብ የሚያበር ሰው ጻፍኩ። ብዙዎችን ለማትረፍ አንዲት ሴት ውጭ ቀርታ በሩን ይዘጋል፤ ኋላ ሕይወቱን ሰጥቶ አንድ ፕላኔት ሙሉ ሕዝብ ያድናል፤ ሁሉም ይቅር ይለዋል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን አነበብኩላቸው። በመጨረሻው ኮርቼበት ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

«ወደ ሴትዮዋ ቤተሰብ ሄደ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እነሱ እኮ ሌላ ፕላኔት ላይ ናቸው።»

«መርከብ አለው አይደል እንዴ?»

ተናደድኩ። «ይህን ሁሉ ሰው አዳነልዎት፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

«እነዚያ ሌሎች ናቸው፣ ልጄ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ታመው ሞቱብን። ለቅሶው ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ድንኳኑ በር አጠገብ ተቀምጦ ሲያለቅስ ዋለ። ውሃ ሳቀርብለት ማንነቱን ነገረኝ፤ የሟቿ ባል ነው።

«ልከፍትላቸው ነበር» አለኝ። «ቶሎ እሺ ካልኩ እሷን ማቅለል ይሆንብኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ይልካሉ ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ።»

አጎቴ ይህን ወግ ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። የስንቱን እርቅ ተቀምጠው ጨርሰዋል። በራሳቸው ሲደርስ ግን እምቢታው የእውነት መሰላቸው።

ብዙ አለቀስኩ፣ አልወጣልኝም። ሲሬ እኮ ሌላ ፕላኔት አይደለም።