ለአንዲት ልጅ ያሠራሁት ዴስክ

ሸቤ ላይ የቡና ማድረቂያ አለኝ። አምና ትምህርት ተጀምሮ ሳለ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከሴቶቹ መሃል ቆማ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ አየኋት። ጣቷ ሲፈጥን! ወላሂ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ፤ ነጋዴ ነኝ።

ቆይታ ውሃ ጠየቀች። ሌላው በጣሳ ሲጠጣ ለእሷ መዳፏ ላይ ተንቆረቆረላት። ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የሠሩትን ድስት ገዝተን ወጥ እንሠራበታለን፤ ከንፈራቸው በነካው ጣሳ ግን አንጠጣም። እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት።

«ለምን አትማሪም?» አልኳት።

«ጀምሬ ነበር ጋሼ። አብሮኝ የሚቀመጥ ሲጠፋ መሬት ላይ አስቀመጡኝ።»

ካቦዬ ሳቀ። «ይተዋት አቦ! የእነሱ ዘር ደብተር ምን ያደርግለታል? ለሥራ ነው የተፈጠሩት።»

በዘሯ ከክፍል ያስወጧታል፤ ሥራ ላይ ሲያገኟት ደግሞ ዘሯ ትምህርት አይወድም ይላሉ። እንዲህ በሁለት በኩል የሚያተርፍ ንግድ አይቼ አላውቅም።

እኔ ደግሞ የጎደለ ነገር ሁሉ በዕቃ የሚሞላ ይመስለኛል። ጅማ አናጺ ዘንድ ዴስክ አሠርቼ፣ በአይሱዙ ጭኜ ከልጅቷ ጋር ትምህርት ቤቷ ወሰድኩ። ርእሰ መምህሩ አመስግኖ አልጠገበም። ዴስኩን ከኋላ በሩ ሥር አስቀመጠው። ሦስት ልጅ በሚይዝ ዴስክ እሷ ብቻዋን፤ ሌሎቹ አራት አራት ሆነው ተጣብበው። ማግለያዋን በእንጨት ያሠራሁላት እኔ ነኝ!

በሳምንቱ ማድረቂያው ላይ አገኘኋት።

«ምነው ተመለስሽ?»

«እዚህ አጠገቤ ሰው ይቆማል» አለች፣ እጇን ሳታቆም።

ደሜ ፈልቶ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። «ሁለት ልጅ አጠገቧ አስቀምጥ!» አልኩት።

«ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጡብኛል» አለ ርእሰ መምህሩ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «እርስዎስ ልጅ አለዎት አይደል? ለምን አያመጧትም?»

«የእኔ ጅማ ነው የምትማረው» አልኩ። እውነት ነው። የግል ትምህርት ቤት፣ አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ አይቼ ያስገባኋት።

ስመለስ ካቦው፣ «ታዲያ ላባርራት?» አለኝ። ብትባረር የምትሄደው ጎረቤቴ ማድረቂያ ነው። ያልተለቀመውን ቡና ወደ እሷ ገፋ አደረግሁላት። ያን ዓመት ቡናዬ ጥሩ ደረጃ አገኘ።