ሸጊቱ ለአባቷ የላከችው ሽማግሌ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሸጊቱ ፈንታሁን ሞተር ትፈታለች። እጇ እስከ ክርኗ ዘይት ነው። ሻሿን ወደ ኋላ ሸብ አድርጋ፣ ቱታዋን ለብሳ ከሞተር ሥር ብቅ ስትል ያያት መንገደኛ መፍቻ ይዛ የተወለደች ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አልመጣም። ይህች ልጅ መካኒክ ለመሆን በገዛ አባቷ ላይ ሽማግሌ ልካለች። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ወደ ልጅ አባት የሚሄደው ልጅቱን ለሌላ ሰው ለመጠየቅ ነው። ልጅቱ ራሷ ላኪ ሆና የተገኘችበት ጊዜ ካለ፣ የሰማ ሰው ይምጣና ያውራ።

ነገሩ የሆነው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰች ጊዜ፣ በ2003 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። መሰናዶውን የተማረችው ደብረ ታቦር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መንደሯ እየተመላለሰች ስንቅ እያመጣች ነበር። ውጤቱ የመጣው በቡሄ ሰሞን ነው። ከተማው ጅራፍ እያስጮኸ፣ ሙልሙል እያደለ በዓሉን ሲያሟሙቅ፣ ለሸጊቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ ለጥቂት እንዳመለጣት ተነገራት። ጓደኞቿ አለቀሱላት። እሷ ግን፣ እውነቱ ይነገርና፣ አንዲት እንባ እንኳ አልወጣትም። በልቧ ሌላ ነገር ካደረ ቆይቷል።

ያ ሌላ ነገር ወፍጮ ነው። የመንደሩ ወፍጮ፣ የአቶ አስማማው ወፍጮ፣ ስትሠራ «ቱክ ቱክ ቱክ» የሚለው ድምጿ ከሸለቆው ተነሥቶ እስከ ጉና ግርጌ ይሰማል። ድምጿ ከጠፋ ተበላሽታለች ማለት ነው። ያን ጊዜ የአገሩ ሴት ሁሉ እህሏን አዝላ ከተማ ድረስ ትወጣለች። መካኒክ የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው፤ ያውም ሲመቸው። ሸጊቱ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ከእናቷ ከወይዘሮ ብዙነሽ ጋር ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ሳለ፣ ያ ሲጠበቅ የከረመ መካኒክ ደረሰና ሞተሩን ፈታታው። ሴቶቹ በወሬ ሲጠመዱ እሷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ዐይኗን ሳትነቅል ስታይ ዋለች። አገር ሙሉ ያስጨነቀው ነገር ለካስ ቆሻሻ የደፈነው አንድ ቀጭን ቧንቧ ኖሯል! መካኒኩ ቧንቧውን በአፉ እፍ ብሎ መለሰው፤ ወፍጮዋም «ቱክ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸጊቱ ሌላ ሥራ አልታያትም።

ከተማው ውስጥ ያለው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ደግሞ አውቶ መካኒክ ያስተምራል። ምዝገባው የሚያበቃው መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም አባቷ ናቸው።

አቶ ፈንታሁን ደግ ሰው ናቸው። ገብስና ድንቻቸው ያስቀናል፣ ልጃቸውን ይወዳሉ፣ ዳዊት ደግመዋል። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው እያለከለከ መጥቶ «በሬህ...» ሲል «የኔ በሬ የሰው እህል አይነካም!» ብለው ዱላ አነሡበት። ሰውየው ለካስ «በሬህ ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ ድረስለት» ሊል ኖሯል። በሬው ተርፏል፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በሰንበቴው ላይ «የኔ ልጅ ዶክተር ትሆናለች» ብለው ለማኅበርተኛው ሁሉ የተናገሩት። አንድ ጊዜ ቢሆን ደግ ነበር፤ በየሰንበቱ ነው። የሸጊቱ ውጤት ሲነገራቸው፣ «ግድ የለም፣ በግል ደግመሽ ትፈተኛለሽ። ካልሆነም ትሠልሻለሽ» አሏት።

«አባባ፣ እኔ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ዐውቃለሁ፣ አዝነሻል። አይዞሽ!» ብለዋት ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

በማግስቱ ደግማ ሞከረች። «አባባ፣ አንድ ነገር...»

«መጽሐፍ ነው? ይገዛልሻል» አሉና ሞፈራቸውን ማስተካከል ቀጠሉ። ሦስተኛ አልሞከረችም። በዚያ አገር ልጅ አባቷን አታቋርጥም። አባትየው ደግሞ የሚያቋርጡ ሰው ሲሆኑ ነገሩ መላ የለውም። ደግሞ መፈተን ማለት አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጦ፣ ልብ በሌለበት ደብተር ላይ ማፍጠጥ ነው።

«እማ፣ እባክሽ አንቺ ንገሪልኝ» አለቻቸው እናቷን።

ወይዘሮ ብዙነሽ ሳቁ። «እኔን ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን ጨርሶ ሰምቶኝ ያውቃል? የዚህን ሰው ጆሮ የሚያገኝ ሽማግሌ ብቻ ነው። እንግዲያ ሽማግሌ ላኪበታ!»

እናት ይህን ያሉት ለቀልድ ነበር። ሸጊቱ ግን አልሳቀችም። ሽማግሌ ሲናገር ማንም አያቋርጥም ብላ አሰበች፤ አሰበችና ተነሣች። መጀመሪያ የሄደችው የአባቷ የንስሐ አባት ወደሆኑት ወደ ቄስ እሸቴ ነው። ቀጥሎ ወደ አቶ አስማማው ሄደች፤ እሳቸው ለወፍጯቸው ሲሉ ሽምግልና ቀርቶ ዘመቻ ቢሏቸውም አይቀሩም። መጨረሻ ላይ አያ ውቤን ለመነች። አያ ውቤ በዚያ ቀበሌ ያላስማሙት ባልና ሚስት፣ ያላስታረቁት ድንበርተኛ የሌለ፣ ነገር ዐዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዩን ሲሰሙ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ለስንቱ ልጃገረድ ሄጃለሁ! ልጅቱ ራሷ ልካኝ ስሄድ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለመሆኑ ሙሽራው ማን ነው?»

«ሞተር ነው፣ አያ ውቤ» አለች ሸጊቱ አቀርቅራ።

መስቀል ባለፈ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ከአቶ ፈንታሁን ደጃፍ ደረሱ። ሸጊቱ ጓዳ ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ግቡ፣ ግቡ። አረፍ በሉ እንጂ!» አሉ አቶ ፈንታሁን ደስ ብሏቸው።

«አይ፣ አንቀመጥም። ጉዳያችን ሳይሰማ መቀመጥ የለም» አሉ አያ ውቤ። የሽምግልና ወጉ እንዲያ ነው፤ ነገሩ ፈር ሳይዝ አይቀመጡም።

አቶ ፈንታሁን ፊታቸው ተለወጠ። ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ፣ ዱላ፣ አንቀመጥም ማለት፣ ጓዳ ደግሞ ትምህርቷን የጨረሰች ልጃገረድ! ይህን አይቶ ምን እንደመጣ የማይገባው የዚያ አገር አባት የለም። ቄስ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ ፈንታሁን፣ ዛሬ የመጣነው ስለ ልጅህ ስለ ሸጊቱ...» ብለው ጀመሩ።

«አልሰጥም!»

ቄስ እሸቴ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ግን አልሰጥም! የይፋግ ነጋዴ ይሁን የእብናት ባለ ከብት፣ አልሰጥም! ልጄ ለጥቂት አመለጣት እንጂ አልወደቀች! አንድ ፈተና ሳተች ብላችሁ ለባል ልትጠይቁኝ መጣችሁ?»

ሸጊቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያ ሁሉ ልመና፣ ያ ሁሉ ምክር ሜዳ ቀረ አለች በልቧ። አቶ አስማማው «ኧረ እኛ እንኳ...» ሊሉ ሲሉ አያ ውቤ በዱላቸው ጫፍ እግራቸውን ነካ አደረጓቸው። ነገር ከሩቅ ይሸታቸዋል፤ ይኼኛውም ሸቷቸዋል።

«ተው እንጂ ፈንታ» አሉ ያዘኑ መስለው። «ልጅቱ ደርሳለች። ቤት ተቀምጣ ምን ልትሠራ?»

«ትማራለቻ!»

«ምን ትማራለች?»

«የፈለገችውን!»

«የፈለገችውን?» አሉ አያ ውቤ፣ ጆሯቸው የደከመ ይመስል አንገታቸውን ሰገግ አድርገው።

«የፈለገችውን! እኔ ፈንታሁን፣ ልጄን የፈለገችውን ትምህርት ተምራ ሳትጨርስ ለባል ብሰጣት፣ ወይ ከምትማረው ብከለክላት፣ ሚካኤል ይፍረድብኝ! አባ፣ እርስዎ ምስክሬ ነዎት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቄስ እሸቴ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ሰምቻለሁ ልጄ። ሚካኤልም ሰምቷል» አሉ። አያ ውቤ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ። «እንግዲህ ጉዳያችን አለቀ። ብዙነሽ፣ ጠላ ካለሽ ቅጅልን» አሉ።

አቶ ፈንታሁን ግራ ገባቸው። እምቢ ተብሎ የሚቀመጥ ሽማግሌ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። «ምኑ ነው ያለቀው?»

«የመጣንበቱ ነዋ! እኛ ለባል አልመጣንም። የላከችን ሸጊቱ ናት። ኮሌጅ ገብቼ መካኒክነት ልማር፣ አባቴን አስፈቅዱልኝ ብላን ነው። አንተ ደግሞ ሳንጠይቅህ ፈቀድህ፤ ያውም ምለህ።»

አቶ ፈንታሁን መልስ አጡ፤ ይህም ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነበር። ሸጊቱ መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«አንቺ ነሽ ሽማግሌ የላክሽብኝ?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቅር ብሏቸዋል። «ምነው ራስሽ ብትነግሪኝ?»

«ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር፣ አባባ። አልጨረስሁም።»

አቶ ፈንታሁን ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ወይዘሮ ብዙነሽ ወደ ጠላው ማሰሮ ዞረው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «እንግዲያው አሁን ጨርሺ» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ አንሥተው አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሸጊቱ ተናገረች። ስለ ሞተሩና ስለ ቀጭኑ ቧንቧ ነገረቻቸው። «እማን ወገቧን የያዛት ወፍጮዋ ቆማ፣ ከተማ ድረስ አዝላ በወጣችበት ክረምት ነው፣ አባባ። ያ ቧንቧ እኮ በአንድ ትንፋሽ ይጸዳ ነበር። ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ባጠገባችን ቢኖር እማ ዛሬ ጎንበስ ስትል አታቃስትም ነበር።» አባትየው ሁለት ጊዜ ሊናገሩ ጋቢያቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሰው አነሡት።

ስትጨርስ ቀስ ብለው «ዶክተርነቱስ? ለሰንበቴው ምን ልላቸው ነው?» አሉ።

«የወፍጮ ዶክተር በላቸው!» አሉ አያ ውቤ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ፈንታሁንም ዘግይተው ሳቁ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ» እያሉ። በማግስቱ ልጃቸውን ኮሌጁ ድረስ ወስደው ያስመዘገቧት ራሳቸው ናቸው።

ሸጊቱ በክፍሏ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ወንዶቹ መጀመሪያ «መፍቻውን አቀብይን» ይሏት ነበር፤ ኋላ ግን «እስቲ አንቺ እይው» ማለት ጀመሩ። የአቶ አስማማውን ወፍጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ፈትታ የገጠመች ቀን አንድ ብሎን ተረፋት። ወፍጮዋ ተነሥታ «ቱክ ቱክ» እያለች ነው፤ ሰዉ እልል ብሏል፤ ሸጊቱ ግን ብሎኑን በመዳፏ ጨብጣ ላብ ያጠምቃታል። እልልታው ሳይበርድ ሞተሩን አስቆመችና እንደገና ፈታችው። ሴቶቹ ተቆጧት። እሷ ቦታውን እስክታገኝ ድረስ አልሰማቻቸውም። ዛሬም ቢሆን አንድ ሥራ ስትጨርስ መሬቱን በእጇ ሳትዳብስ አትነሣም።

በተመረቀች በዓመቱ፣ አንድ እሑድ ጧት፣ ከእብናት የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። አቶ ፈንታሁን ግቡና ተቀመጡ ቢሏቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

«የመጣነው ስለ ልጅዎ ስለ ሸጊቱ ነው» አሉ አንደኛው።

«አል...» አሉ አቶ ፈንታሁን። ቃሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈልገው አገኙና አፋቸው ላይ አደረጉ። «ቆይ፣ ቆይ። ጨርሳችሁ ተናገሩ።»

«ወፍጯችን ከቆመች ሰነበተች። ሴቶቻችን እህል አዝለው አገር ላገር ሲንከራተቱ እያየን ዝም ማለት አልሆነልንም። ለምነን ልንወስዳት ነው የመጣነው።»

አቶ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ዝቅ አደረጉ። ዐይናቸው ቀላ። ወደ ጓሮው ዞረውም መንደሩ እስኪሰማ «ዶክተር! ነይማ፣ ሰው ይፈልግሻል!» ብለው ተጣሩ።

ሸጊቱ እጇን እየጠራረገች መጣች። ነገሩን ሰምታ የመፍቻ ሳጥኗን ልታነሣ ስትል አባቷ ቀድመዋት ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«አባባ፣ ኧረ ይከብድዎታል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እኔ ልያዘው፤ ደግሞ ቁልቁለት አለው፣ ጉልበትዎን...»

አባትየው ሳጥኑን እንደተሸከሙ ቆመው፣ አንዲትም ቃል ሳያቋርጡ እስክታበቃ ጠበቋት።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ፣ አባባ።»

«በይ እንሂድ» አሉና ሳጥኗን እንደተሸከሙ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመሩ።