አባቴ የዘለላቸው ድምፆች

የደረቅ ቡና ገለፈት ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ የአባቴ ሳል ነው፤ ዘፈኑ የሚመጣው ከሳሉ በኋላ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ ዲላ ከተማ፣ አባቴ በየነ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ቡና መፈልፈያ ቤት ገለፈት ሲዝቅ ይውልና እሁድ ሲሆን ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ የሠርግ ባንድ መሪ ይሆን ነበር። ባንድ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የእሱ አርሞኒካ፣ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሽኩር ክራርና አንድ ከበሮ ነበር። ቢሆንም ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት ያለ አባቴ የተዳረች ልጅ በደንብ የተዳረች አይመስላትም ነበር።

ክፋቱ፣ የመፈልፈያውና የሠርጉ ወራት አንድ መሆናቸው ነው። ቡናው ደርቆ ከየገጠሩ ሲገባ ሞተሩ ያለ እረፍት ይጮኽ፣ ቡናውን የሸጠውም ሁሉ ልጁን ይድር ነበር። አባቴ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ይገባና ጫማውን ሳያወልቅ መደብ ላይ ተጋድሞ «ትንሽ ልረፍ» ይል ነበር። ይህችን ቃል የሰማሁትን ያህል የገዛ ስሜን የሰማሁ አይመስለኝም።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር መፈልፈያው ይዘጋል፤ ዝናቡ የእንሰቱን ቅጠል እየደበደበ፣ አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ ቀስ በቀስ ይመለስለት ነበር። አርሞኒካ ሲነፉትም ወደ ውስጥ ሲስቡትም ይጮኻል፤ የእሱ ዝና ደግሞ በመሳቡ ነበር። አንዱን ድምፅ ወደ ደረቱ ጎትቶ፣ አጎንብሶ፣ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው መስሎ ሲያቆየው የሚጨፍሩት ሳይቀሩ ይቆሙ ነበር።

አንድ ዓመት ግን በልጉም ክረምቱም መጣ፣ ትንፋሹ አልመጣም። ወደ ውስጥ በሳበ ቁጥር ሳሉ ይቀድመው ጀመር። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ መፈልፈያውን ተው ወይ ይህን ነገር ተው፤ ደረትህ እኮ አንድ ነው» ስትለው «መፈልፈያውን ብተው ምን ልትበሉ ነው? ይህን ብተው ደግሞ እኔ ምን ልሆን ነው?» አላት። ወጥታ ጎመን ስትቀነጥስ አየኋት።

በሚቀጥለው በጋ ያደረገውን ያወቅነው እኛ የቤት ሰዎችና ሽኩር ብቻ ነን። የሚሳቡትን ድምፆች ከዘፈኖቹ አንድ በአንድ አወጣቸው፤ የሚነፉትን ብቻ አስቀርቶ፣ የጎደለውን ሽኩር በክራሩ እንዲሞላው አለማመደው። ሠርገኛው ምን ያውቃል! «በየነ አዲስ ስልት አመጣ» ተባለ፤ እንዲያውም ጥሪው በዛ። እኔ በሴቶቹ መካከል ቆሜ የጠፋውን ድምፅ ስጠብቅ ሳላጨበጭብ እቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበረው በጋ፣ ዱመርሶ መንደር አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ እናት፣ የጌዴኦ ሴት ናቸው፣ መጥተው «በየነ፣ የዱሮውን እንደ ዱሮው ተጫወትልኝ እንጂ፤ ሴት ልጄ አንዲት ብቻ ናት እኮ» ብለው ለመኑት። አባቴ ሽኩርን አየው፤ ሽኩርም «ተው ጋሼ፣ ይቅርብህ» አለው። አልተወም። የሚሳበውን ሁሉ እየሳበ እስከ መጨረሻው ተጫወተው፤ ዕድምተኛው ቆሞ ቀረ፤ እኔም እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ሲጨርስ አርሞኒካውን ኪሱ ከትቶ ከዳሱ ኋላ እንሰቱ ውስጥ ገባና እዚያ ሲስል ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪው ሽኩር ሆነ፤ አባቴም ሁለት ክረምት ብቻ ነው የቆየልን።

ዛሬ በመፈልፈያው በኩል ሳልፍ ሠራተኞቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ሲሠሩ አያለሁ፤ ደግ ነው ብዬ አልፋለሁ። እናቴም ያኔ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ፣ እጥፍ አድርጋ ሰፍታ፣ አፉን እንዲሸፍንበት ሰጥታው ነበር። እሱ ግን አቧራ እንዳይገባበት ብሎ አርሞኒካውን ጠቀለለበት፤ በዚህ እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ። አርሞኒካው አሁን እኔ ጋ ነው፤ አንድም ቀዳዳ አልተደፈነበትም።